የኢትዮጵያ ባሕር በሸማ ተራ

ገና ልጅ ሳለሁ አባቴን «እርስዎ» ነበር የምለው። የጨዋ ቤት ወግ ነው እንዳይባልልኝ፤ እኛ ቤት እንደዚያ ዓይነት ወግ አልነበረም። እናቴን አንቺ እላት ነበር፣ ሲያሰኘኝም ቀሚሷን ይዤ እነታረካት ነበር። አባቴን ግን አላውቀውም። መርከበኛ ነው። በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግየት ብሎ፣ በጅቡቲ በኩል ይመጣና ጥቂት ሳምንት ሰንብቶ ይመለሳል። መጥቶ በር ላይ ሲቆም እናቴ ኋላ እደበቃለሁ። አንድ ጊዜ «ነይ እስቲ ሳሚኝ» ብሎ እጁን ሲዘረጋልኝ፣ ለእንግዳ እንዲባል እንደተማርኩት አንገቴን ሰበር አድርጌ «እንደምን አመሹ?» አልኩት። እናቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ፣ እሱም እንደ እንግዳ።

ሰው አባቱን በሞት ወይም በፍቺ ያጣል። የእኔ አባት በሕይወት ነበር፣ እናቴንም ይወዳት ነበር፤ ግን በመጣ ቁጥር ካለፈው ጊዜ ይበልጥ ባዳ እየሆነብኝ ሄደ። ዝምተኛ ሰው ነው። ይመጣል፣ ይተኛል፣ የሚያፈስ ቧንቧ ይጠግናል፣ ከእኛ ጋር ራት ይበላል፣ ከዚያ ሻንጣው ይዘጋጃል። እናቴ አንዳንድ ጊዜ «ልጅቷ እኮ ሙሉ በሙሉ ልትረሳህ ነው» ስትለው እሰማ ነበር። ያ የፈራችው ነገር ሳይደርስ የቀረው በአንድ ዣንጥላ ሰፊ ምክንያት ነው፤ ይህንንም የምጽፈው እኚያን ሰው ሳላመሰግን እንዳልቀር ብዬ ነው።

ጋሼ ሙዘይን ይባላሉ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ እናቴ ነጠላና ጋቢ ከምትሸጥበት ሱቅ ጎን፣ በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ተለይተው፣ ክረምት ዣንጥላ ይጠግናሉ፣ በጋ ደግሞ ኮፍያና ባለ ዘርፍ የቤተ ክርስቲያን ጥላ ይሰፋሉ። «ሙስሊም ሆነህ የታቦት ጥላ!» እያሉ የሚያሾፉባቸው ጓደኞች ነበሯቸው። «ታዲያ ታቦቱን ፀሐይ ይምታው?» ይሏቸውና መስፋታቸውን ይቀጥላሉ። እኔ ከትምህርት ቤት በአብነት ሰፈር በኩል እመጣና እናቴ ሱቋን እስክትዘጋ ድረስ እሳቸው ዘንድ ካለችው ዱካ ላይ እቀመጣለሁ። ያኔ ሲመሻሽ መብራት ይጠፋ ነበር፤ ሲጠፋም ፋኖሱን ከምስማሩ አውርደው ይለኩሳሉ፣ የከሰል ካውያቸውን ክዳን ከፍተው እፍ ሲሉበትም ፍሙ ይቀላና ያቺ ጠባብ ሱቅ በአዲስ ጥጥ፣ በተተኮሰ ከፈይና በሙጫ ሽታ ትሞላለች። ከዚያ መደርደሪያው አናት ላይ በከፈይ ቁራጭ የተሸፈነውን ነገር በሁለት እጃቸው አቅፈው ያወርዱታል።

ሉል ነበረች፣ ዓለም የተሣለባት። የሸማ ተራ ሰው «የጋሼ ሙዘይን ኳስ» ይላታል፤ እሳቸው ግን በዚህ ይቆጡ ነበር። «ኳስ የምትለጋ ናት፤ ይቺን በዓይንህም አትለጋት!» ይላሉ። መልኳ እንደ ከረመ ቅቤ ቢጫ ሆኖ፣ ቅባቷ እዚህም እዚያም ተሰነጣጥቋል። ወገቧን ባለ አራት እግር የእንጨት ቀለበት ይዞታል፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ የነሐስ ቀለበት አቅፏት በውስጡ ትዞራለች። ስትዞር ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ይንሿሿል። ጋሼ ሙዘይን በወጣትነታቸው ፒያሳ ውስጥ፣ ሁሉም ሰው «ሙሴ» እያለ በሚጠራቸው በአንድ አርመናዊ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ይሠሩ ነበር፤ ሙሴ አገር ለቀው ሲሄዱ ለእሳቸው ትተውላቸው የሄዱት እሷን ነው። የእውነት የጥንት ትሁን ወይም አንድ ሰው በኋላ ዘመን ጥንታዊ አስመስሎ የሠራት፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሼ ሙዘይንም አያውቁም፣ ግድም አልነበራቸው። ሙሴ የነገሯቸውን ሁሉ ግን በልባቸው ይዘውት ነበር፤ እኔ የሰማሁት ተረትም ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው።

ስሜ ብርቱካን ነው፤ የመጀመሪያውም ተረት የተጀመረው በስሜ ነው። አንድ ምሽት ጋሼ ሙዘይን ከኪሳቸው የእውነት ብርቱካን አወጡና «ዛሬ አንቺን ልልጥሽ ነው» ብለው ልጣጯን ከአናቷ እስከ ታች በቁመት በቁመት እየሰነጠቁ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። እያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ቅጠል ሁለቱ ጫፉ ሹል፣ መሃሉ ሰፊ ነበር። እነዚያ የድሮ የፈረንጅ ሉል ሠሪዎች ዓለምን የሚያትሟት እንደዚህ ነበር፣ ቅጠል ቅጠል እያደረጉ። ቀራጩ አገሩንም ባሕሩንም በመዳብ ሰሌዳ ላይ ገልብጦ ይቀርጸዋል፣ ሲታተም ቀጥ እንዲል። ሌላው ደግሞ በእንጨት ኳስ ላይ ሙጫ የጠጣ ወረቀት ደራርቦ ይለጥፍና ሲደርቅ ወገቡን በቢላ ቀዶ እንጨቱን ያወጣል፤ ሁለቱን ቅርፊት መልሶ ያጋጥምና በኖራ ይለስነዋል። በአንድ ጎን እንዳታጋድል እርሳስ ብረት የተቋጠረባት ትንሽ ከረጢት ሆዷ ውስጥ ያስቀምጣሉ። «የሚንሿሿው ከረጢቷ ተቀድዳ ነው» አሉኝ፤ እኔ ግን ባሕሩ ነው ብዬ ለብዙ ጊዜ ጆሮዬን ስለጥፍባት ኖሬአለሁ። በመጨረሻ ወረቀቶቹ ጫፍ ለጫፍ እየተጋጠሙ ይለጠፋሉ፣ ዣንጥላ እንደሚሰፋው ማለት ነው። ሙሴ ዘንድ ሳሉ አንዱ ቅጠል ተገንጥሎ መልሰው የለጠፉት ጋሼ ሙዘይን ነበሩ፤ ትንሽ ተንሻፎባቸው ስፔን ለሁለት ተከፍላ ቀርታለች። ይህችን ስህተታቸውን ለመጣው እንግዳ ሁሉ በጣታቸው ያሳዩ ነበር፣ በኩራት።

ከዚያ በኋላ ምሽቱን ሁሉ የዓለም ወሬ ሆነ። ጋሼ ሙዘይን ዓለምን የሚያውቋት በመርካቶ ስለነበር፣ ሁሉንም በተራ በተራ ከፋፍለው ነው የሚነግሩኝ። ሕንድና ከሕንድ ወዲያ ያሉት ደሴቶች ቅመም ተራ ናቸው፤ ፖርቱጋልና ሆላንድ በቁንዶ በርበሬና በቀረፋ ምክንያት እዚያ ድረስ ሄደው የተጋደሉ ነጋዴዎች ናቸው። ካሊፎርንያ የሚባለው አገር ደሴት ሆኖ ተሥሏል፤ አንድ ሰው ተሳስቶ ሣለው፣ ሌላው ከእሱ ገለበጠ፣ ሌላው ከሌላው፣ ደሴት አለመሆኑን ያየ ሰው እየጮኸ እንኳ ደሴቱ ረጅም ዘመን ደሴት ሆኖ ኖረ። «መርካቶም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጠዋት ስኳር ሊጠፋ ነው ካለ በቃ፣ ከሰዓት ስኳር የለም» ይሉ ነበር። ካርታ ሠሪው ራሱ ግን የትም አልሄደም። ቤቱ ወደብ ዳር ነው፤ መርከብ ሲገባ ሥራውን ጥሎ ይወጣና ልክ እንደ አውቶቡስ ተራ ደላላ የመርከበኛውን ሻንጣ ቀምቶ ወደ ቤቱ ይወስደዋል፣ ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ስላየው ሁሉ ያስለፈልፈዋል። ወሬ ባላገኘበት ቦታ ላይ ደግሞ ባዶ ከሚሆን ብሎ ባለ ቀንድ ዓሣ ይሥልበታል።

እናቴም አንዳንድ ጊዜ ነጠላ እያጠፈች በበሩ ታጮልቅ ነበር። አገሯ ጎጃም ነው። አንድ ቀን ጋሼ ሙዘይን ጎጃምን አሳዩአት፤ ጎጃም ከምድር ወገብ በታች ወርዳ፣ የማንም አገር መሃል ተቀምጣለች። አገራችን በሙሉ፣ ያ ሠሪ የሰማውን ስም ሁሉ የሚያሰፍርበት ቦታ አጥቶ፣ ግማሽ አፍሪካን ሞልታ ነበር። እናቴ ጎንበስ ብላ አየችና «እኛ መቼ ነው እዚህ የሄድነው? ማንም ሳይነግረኝ!» አለች። ያን ቀን ጋሼ ሙዘይን እስኪያስላቸው ሳቁ።

አንድ ምሽት ደግሞ ሉሏን ወደ ምዕራብ አዙረው፣ ከአፍሪካ ሆድ ፊት ለፊት ያለውን ሰፊ ውኃ በጣታቸው እየተከተሉ፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ሙሴ እንዳስተማሯቸው አነበቡልኝ። «የኢትዮጵያ ባሕር» ይላል አሉኝ። እኔ ደነገጥኩ። እንደገና እንዲያነቡልኝ ለመንኳቸው። ወሬው በማግስቱ ተራውን አዳረሰ፤ ሸማኔው፣ ደላላው፣ ተሸካሚው እየመጣ ያን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ ያያል። «እና ወደቡስ?» ይላል አንዱ። «እኛ ስንተኛ ነዋ የወሰዱት!» ይላል ሌላው። እነሱ ቀልድ ነው የያዙት። እኔ ግን አባቴን ነበር የማስበው። እስከዚያ ቀን ድረስ አባቴ የሄደበት ባሕር ስም የለሽ፣ መጨረሻ የለሽ፣ የሰው አገር ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን የእኛ ሆነ። አባቴ ሩቅ አልሄደም፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው ያለው፣ ትንሽ ወዲያ ማዶ። ያን ሰሞን በደስታ እንቅልፍ እንኳ እንቢ ብሎኝ ነበር።

ደስታው ክፍል ውስጥ ተሰበረ። መምህራችን ስለ አገራችን ወሰን ሲያስተምሩ እጄን አወጣሁና በኩራት ባሕር እንዳለን፣ አባቴም እዚያ እንደሚሠራ ተናገርኩ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ስለ ቀይ ባሕር የማወራ መስሏቸው «ነበረን፣ ልጄ፤ አሁን የለንም» አሉኝ። «አይ፣ ትልቁን ነው፤ በዚህ በኩል ያለውን!» ብዬ በግድግዳው ካርታ ላይ አትላንቲክን ሳሳያቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ብርቱካን መሆኑ ቀርቶ «ካፒቴን» ሆነ፤ በረፍት ሰዓት ልጆቹ ተሰልፈው ሰላምታ ይሰጡኛል።

እየነደድኩ ሸማ ተራ ደረስኩ። ጋሼ ሙዘይን ካውያቸውን ይዘው ከፈይ ይተኩሳሉ። «ዋሹኝ!» አልኳቸው፤ ለትልቅ ሰው የማይባል ነገር ነበር፣ እናቴ ብትሰማ ትቆነጥጠኝ ነበር። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ካውያውን አቁመው ከጎናቸው አስቀመጡኝና የሆነውን ሁሉ እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የጥንት ግሪኮች ከእነሱ በታች ያለውን የጥቁር ሰው አገር ሁሉ በጅምላ ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ ካርታ ሠሪዎቹም ያንን ስም ይዘው በአጠገቡ ያገኙትን ውኃ ጠሩበት። ከእኛ ሰው አንድም እግሩን ያነከረበት የለም፣ የጠየቀንም የለም። «እኔም ያነበብኩልሽ የተጻፈውን ነው። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም፤ ወሬ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ አባቴ የት ነው ያለው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ? ሲመጣ ራሱ ይነግርሻላ።»

«እሳቸውን እፈራለሁ» አልኩ።

ጋሼ ሙዘይን ቀና ብለው አዩኝ። «ማናቸውን?» አሉ።

«አባቴን።»

ካውያው ውስጥ ያለው ፍም ዓመድ እየለበሰ ነበር፤ እፍ ማለቱንም ረሱት። እናቴ ሱቋን ዘግታ ስትመጣ ወደ ጎን ጠሩአትና አባቴ ሲመጣ በቀጥታ ቤት እንዳትወስደው፣ ወዲህ እንድታመጣው ሲነግሯት ሰማሁ። «እንዴ፣ ጋሼ፣ ከመንገድ የመጣ ሰው!» አለች። «እትዬ ወርቅነሽ፣ አንድ ምሽት ብቻ አውሺኝ» አሏት።

አባቴ የመጣው ከፋሲካ በፊት ነው፣ ሸማ ተራ በገዢ በተጨናነቀበት ሰሞን። እናቴ ሱቋን ጥላ መሄድ ስላልቻለች እሱ ራሱ ከነሻንጣው መጣ። ያኔ ሲመሽ መብራት ሄዷል። ጋሼ ሙዘይን ሳሎን እንዳላቸው ሰው «ግባ፣ ግባ፣ መርከበኛው!» ብለው ሻንጣውን ከእጁ ተቀበሉት፣ ወንበራቸውን ለቀቁለት፣ ሉሏንም ጉልበቱ አጠገብ አስቀመጡለት። ከዚያ ፋኖሱን አስጠግተው፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያቃታቸው መስለው ጀርባቸውን ሰጡን። እኔ በሩ ጋ ቆሜአለሁ። አባቴም ሉሏን በአንድ ጣቱ ቀስ ብሎ ያዞራታል፣ ትንሿሿለች፣ ያቆማታል። ፈሪ የሆንኩት እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። አባቴ ከእኔ ይበልጥ ፈርቶ ነበር።

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ቀረብ ብዬ ጽሑፉን አሳየሁትና «እዚህ ጋ ሄደው ያውቃሉ?» አልኩት።

ወደ ፋኖሱ አዘንብሎ አነበበው። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ፊደል በፊደል። «የኢትዮጵያ… ባሕር?» አለና ሳቀ፤ ሲስቅ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የተሸረፈ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። «ይኼማ አትላንቲክ ነው። አዎ፣ አንድ ጊዜ በዚህ ዞረናል።» ጣቱን ከአፍሪካ ጫፍ አንስቶ ወደ ላይ ወሰደውና መሃል ላይ አቆመው። «እዚህ አካባቢ ሞተር ቆሞብን ነበር።»

«ከዚያስ?» አሉ ጋሼ ሙዘይን፣ ሳይዞሩ።

«ከዚያማ… ጠገንነው።» ያለቀ መሰለኝ።

«ባሕሩ ምን ይመስላል?» አልኩት።

«ባሕሩን እኮ እኔ ብዙም አላየውም፣ ብርቱካን። እኔ ከታች ነኝ፣ ሞተር ክፍል። መስኮት የለውም።»

ይህን ስሰማ የተሰማኝን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። የዓለምን ባሕር ሁሉ የሚያቋርጥ አባት፣ ባሕር የማያይ! ወዲያው አዘንኩለት፤ ከአዘንኩለት በኋላ ደግሞ መፍራቱ ጠፋብኝ። «ታዲያ እዚያ ታች ምን ትሰማለህ?» አልኩት።

«ትሰማለህ» ማለቴን እኔ አላወቅሁም። እናቴ በሩ ላይ ነጠላ ታጥፍ ነበር፤ እጇ ባለበት ቀረ። ጋሼ ሙዘይን ክሩን መርፌው ውስጥ ለማስገባት የሚያደርጉትን ትግል ተዉት። አባቴ አንድ ጊዜ እናቴን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ውኃው ብረቱን በውጭ በኩል ሲያልፍ እንደሚያፏጭ፣ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ ሰው በር እንደሚደበድብ ሆኖ እንደሚሰማ ነገረኝ። ሞተሩ የቆመ ቀን ጸጥታው ከማዕበል ይበልጥ እንዳስፈራቸው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከብረቱ ማዶ የሆነ ትልቅ ፍጥረት ሲዘፍን እንደሰሙ ነገረኝ። ዓሣ ነባሪ ነው ብለዋቸዋል። አንዱ ጓደኛው አልቅሷል። አባቴ ያን ሁሉ ሲናገር እኔ ጉልበቱ ላይ ነበርኩ፤ መቼ እንደወጣሁ አላውቅም። ልብሱ የናፍጣና የሳሙና ሽታ ነበረው።

ከዚያ ወዲህ በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ምሽት የሸማ ተራ ሆነ። ጋሼ ሙዘይን ከዚያ በኋላ አባቴ ባለበት ተረት ተናግረው አያውቁም። ያ ሁሉ ወሬ ያላቸው ሰው ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ ነገሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ «ከዚያስ?» ይላሉ። አሁን ሳስበው ይህን ማድረጉ ቀላል አልነበረም። ያኔ እኔ የሚሳሱልኝ አድማጫቸው ነበርኩ፣ ምናልባትም ብቸኛዋ፤ የራሳቸው ልጆች ሳዑዲ ነበሩ። እሳቸው ግን አድማጫቸውን ለባለቤቱ መለሱለት። ካረፉ ብዙ ጊዜ ሆነ፤ ሉሏን ልጃቸው መጥታ ወሰደቻት። ሱቃቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ለእኔ ያደረጉልኝን ነገር በሕይወት ሳሉ አንድ ቀን እንኳ በቃል አልነገርኳቸውም፤ ልጅ ሆኜ አልገባኝም፣ ሲገባኝ ደግሞ አልነበሩም። አላህ ጀነትን ይወፍቃቸው።

ስለ ጥንት ካርታ ከነገሩኝ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። መዳቡን በምን አሲድ እንደሚያበሉት ነግረውኝ ነበር፣ ጠፍቶብኛል። የነፋሶቹን ስምም እንዲሁ። እኔም ካርታ ሠሪ አልሆንኩም፤ የእናቴን ሱቅ ይዤ ነጠላ እሸጣለሁ። የቀረልኝ የአባቴ ነገር ነው። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ የነበሩትን ዓመታት እናቴ «ቡና ቤት ሄዳችሁ አውሩ» እያለች እስክታባርረን ድረስ ስናወራ ኖረናል።

አባቴ ያረፈው ባለፈው ዓመት ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ልጅ ስለ አባቱ ብዙውን ነገር የሚሰማው ከሌላ ሰው ነው፤ ከጓደኛ፣ ከሥራ ባልደረባ፣ ከሩቅ ዘመድ። እኛ ድንኳን ውስጥ ግን የሚያውቁት ሁሉ ዝምተኛነቱን ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ «ጨዋ ሰው ነበር፣ አፉ የማይሰማ» ይላሉ፣ ከዚያ የሚሉት ያጣሉ። ስለዚህ እኔ ነገርኳቸው። የት የት እንደደረሰ፣ ማንን እንደወደደ፣ ምን እንዳስፈራው፣ የተሸረፈችው ጥርሱ በየትኛው ወደብ እንደተሸረፈች። ሰዉ ሻዩን ይዞ ወደ እኔ ወንበሩን ይጎትት ጀመር። አንድ አዛውንት፣ ስንት ዓመት ጎረቤታችን የነበሩ፣ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «እኔ ከእሱ ጋር ዕድሜ ልኬን ስኖር አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም፤ ለአንቺ ይህን ሁሉ መቼ ነገረሽ?» አሉኝ።

«ስጠይቀው» አልኳቸው።